ምዕራፍ 7፦ ቆቡን ቀዶ የሚሰፋው ውሻ

ቡሬ ቤታችን በገባ በ11ኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን ቨርጂኒያ ድረስ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ዕጣኑ ይጨሳል። የእኔ ሁለት ልጆችና የእህቴ ሦስት ልጆች ከሳሎን ጓሮ፣ ከጓሮ ሳሎን ይሯሯጣሉ። ቡሬ ከመጠለያ የወሰድነው የ18 ወር ውሻ ነው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ስለሆነ በእርሻ በሬ ስም ጠራነው።

አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ተጎንብሶ ልጆቹን ይዞራቸዋል። አይጮኽም። አንዷ ከቡድኑ ስትወጣ በግማሽ ክብ ቀድሟት ይገኝና ፊት ለፊቷ ቆሞ ያፈጥጥባታል፤ ትመለሳለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አምስቱም ሶፋው ጥግ ተጨናንቀው ቆሙ። ትንሹ ሾልኮ ሊያመልጥ ሲል ቡሬ ቁርጭምጭሚቱን በጥርሱ ነካ አደረገው። ቆዳው አልተጫረም፤ ልጁ ግን በድንጋጤ አለቀሰ።

ውሻውን ጎትቼ ሌላ ክፍል አስገባሁትና ተመልሼ፣ «ተናካሽ ነው፤ ወደመጣበት መመለሴ ነው» አልኩ። እናቴ ልጅነቷን መንዝ ውስጥ በግ ስትጠብቅ ያሳለፈች ሴት ናት። ስኒዋን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ይኼ ውሻ መች ተናከሰ? እያገደ ነው እንጂ። በግ ሲያጣ ልጆቹን አገደ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲባል አልሰማሽም?»

ስለ እንዲህ ዓይነት ውሾች ብዙ አንብቤ ነበር፤ ነገሩን ከእሷ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። ይህ ምዕራፍ የእናቴን ቃል መፍታት ነው። ለሥራ የተፈጠረ ውሻ ከመጠለያ ስንወስድ ብዙ ጊዜ «ጉልበቱን እንዴት ላድክመው?» ብለን እንጠይቃለን። መጠየቅ ያለብን «ሥራው ምን ነበር? እኔ ቤት ምን ሊሆን ይችላል?» ብለን ነው።

እረኛ እንጂ ዘበኛ አይደለም

ለብዙዎቻችን ውሻ ዘበኛ ነው። ግቢ ይጠብቃል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ መስክ ሲወጣም ከመንጋው ጋር ውሎ ጅብና ቀበሮ ያርቃል። መንጋውን የሚነዳው፣ የተበተነውን የሚሰበስበው፣ ከሰው ማሳ የሚመልሰው ግን እረኛው ልጅ ነው።

እንግሊዝና ስኮትላንድ የሚዋሰኑባቸው የቼቪየት ኮረብታዎች ላይ ይህን የልጅ ሥራ የሚሠራው ውሻ ነው። ነፋሻማና ሰፊ በሆነው በዚያ አገር አንድ እረኛ በመቶ የሚቆጠሩ በጎች በየተዳፋቱ ተበትነውበት ይውላል። እሱ በግማሽ ቀን ዞሮ የማይሰበስበውን መንጋ ሮጦ የሚሰበስብለት ረዳት ያስፈልገዋል። የቡሬና የእነዚህ ውሾች ዝርያ ቦርደር ኮሊ ይባላል፤ «ቦርደር» ማለት ያው ድንበር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ኖርዘምበርላንድ በተባለው የእንግሊዝ ግዛት፣ አዳም ቴልፈር የተባለ ሰው ያራባው አንድ ቡችላ ተወለደ። በኋላ ኦልድ ሄምፕ ተብሎ ታወቀ። የዘመኑ እረኛ ውሾች ብዙዎቹ እየጮኹና እየነከሱ ነበር በጎችን የሚነዱት። ሄምፕ ግን ዝም ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ በዓይኑ ብቻ ነዳቸው። በጎቹ ሳይደነግጡ ይሄዱለት ነበር። ይህን ያዩ እረኞች ሴት ውሾቻቸውን እያመጡ አስጠቁለት፤ ከ200 በላይ ቡችሎች አባት ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ቦርደር ኮሊዎች የዘር ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን እሱ ጋ ይደርሳል።

ከሄምፕ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1873፣ ዌልስ ውስጥ ባላ በተባለች ከተማ የእረኛ ውሾች ውድድር ተካሂዶ ነበር። በ1906 ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ የሥራ ውሾችን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ የእረኛ ውሾች ማኅበር ተቋቋመ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የጆሮ ቅርጽም ሆነ የጸጉር ቀለም እምብዛም አላሳሰበም። አርቢው የሚጠይቀው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ነበር። የሚሠራው ወለደ፤ የማይሠራው ሳይወልድ ቀረ።

እንግዲህ ከመጠለያ ወስደን ሳሎናችን የምናስገባው ውሻ የዚያ ኮረብታ የሥራ ውል በደሙ የተጻፈ ነው። ኮረብታውም በጎቹም ቀርተዋል። ውሉ ግን አልተቀደደም።

ቡና እየቆላ የማይጠጣ

በምዕራፍ 2 ተኩላ ወደ ሰው ሰፈር እንዴት እንደተጠጋና ከሺህ ትውልዶች በኋላ እንዴት ውሻ እንደሆነ አይተናል። እዚያ ያቆየሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ የተኩላው አደን የት ሄደ?

ቡና ስናፈላ ሥራው በቅደም ተከተል ይሄዳል። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዳል፣ ይጠጣል። አንዱ ሲያልቅ እጃችን ራሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አደንም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሬይመንድ ኮፒንገር ለብዙ ዓመታት የሥራ ውሾችን አጥንቶ የአደንን ቅደም ተከተል እንዲህ ዘርዝሮታል፦ መፈለግ፣ ማፍጠጥ፣ አድብቶ መጠጋት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ መግደል፣ መበለት፣ መብላት።

ባሌ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮን የተመለከተ ሰው ይህን ሰንሰለት በዓይኑ አይቶታል። ቀበሮው ሣሩ ውስጥ ዘወር ዘወር ሲል ይቆይና ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዓይኑ አንድ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ይተከላል። ከዚያ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ ይጠጋና ይወረወራል። ቡሬ ልጆቹን ሲዞር ያየሁት ያንኑ አቋም ነው።

ሰው ተኩላውን ውሻ ሲያደርግ ሰንሰለቱን አልጣለውም፤ እንደየሥራው ከፋፈለው። በጎችን ከተኩላ በሚጠብቀው የቱርኩ ካንጋል ላይ ሰንሰለቱ በአብዛኛው ተዳፍኗል፤ ከበግ ጋር የሚያድረውም ለዚህ ነው። የተመታ ወፍ ለሚያመጣው ላብራዶር «መያዝ» በርትቷል፣ «መግደል» ደክሟል፤ ወፏን ሳይጨፈልቃት ያመጣል። ቦርደር ኮሊ ላይ ማፍጠጥ፣ ማድባትና ማሳደድ እጅግ ገንነዋል፤ ከመያዝ ጀምሮ ያለው ተዳፍኗል። የልጁን ቁርጭምጭሚት ነካ ያደረገው የዚያ የተዳፈነ እሳት ፍም ነው።

እንግዲህ ይህ ውሻ ቡና መቁላት ብቻ የሚወድ ሰው ይመስላል። ይቆላል፣ ይቆላል፤ ሳይወቅጠውና ሳይጠጣው ሌላ ያቀርባል። ማንም አልከፈለውም፤ መቁላቱ ራሱ ደስ ይለዋል። በምዕራፍ 5 ሽልማት ያገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም ተነጋግረናል። እዚህ ላይ ግን ሽልማቱ ከውጭ አይመጣም፤ ድርጊቱ ውስጥ ነው። ውሻው ሲፈልግና ሲያሳድድ በአንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫል። ሥራው «በርታ፣ ልትደርስ ነው» የሚል ስሜት ማቀጣጠል ነው። የእንስሳትን ስሜት ያጠናው ጃክ ፓንክሴፕ ይህን ስሜት የሚያቀጣጥለውን የአንጎል ክፍል የመሻት ሥርዓት ብሎታል። እንስሳው የሚረካው በማግኘት ብቻ ሳይሆን በመሻትም ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማለዳ የእጅ ሰዓቴ መስታወት የፀሐይ ብርሃን ግድግዳው ላይ አንጸባረቀ። ቡሬ ነጠብጣቧን አያት። ሰዓቴን ካወለቅሁ በኋላ እንኳ ለ40 ደቂቃ ያህል ያንን ባዶ ግድግዳ አፍጥጦ ሲጠብቅ ቆየ፤ ውኃ ሳቀርብለት አልዞረም። የሚያየው ጨዋታ መስሎኝ ፎቶ አነሳሁት። አሁን ያንን ፎቶ ሳየው ያመኛል። ሥራ ያጣ እረኛ ብርሃን ሲያግድ ነበር። ቆቡን እየቀደደ ነበር።

የበርሜሉ ስህተት

በውሻ ባለቤቶች ዘንድ የተለመደ አባባል አለ፤ የደከመ ውሻ ጥሩ ውሻ ነው ይላሉ። እኔም አምኜው በየማለዳው 6 ኪሎ ሜትር አብሬው መሮጥ ጀመርሁ። ማታ ኳስ እወረውርለታለሁ፤ 60 ጊዜ፣ 70 ጊዜ። መጀመሪያ ሰሞን ደክሞት ይወድቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከሩጫው ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። እኔ ስደክም እሱ አትሌት ሆነ።

ያሰብሁት እንደ በርሜል ነበር። ጉልበት እየተጠራቀመ ይሞላል፤ ቧንቧውን ከፍተን ካፈሰስነው ባዶ ይሆናል። ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አልነበረም። የእንስሳት ባሕርይ ጥናት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1950 የእንስሳትን ግፊት ያስረዳው ውኃ በሚጠራቀምበት ማጠራቀሚያና በመክፈቻው ምሳሌ ነበር። ሎሬንዝ በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ምሳሌው ለጊዜው ብዙ አስተማረ፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የእንስሳ ውስጥ እንደ በርሜል እንደማይሠራ አሳዩ። ድርጊት ግፊትን ሁልጊዜ አያፈስም፤ አንዳንዴ ያቀጣጥለዋል።

ይህን ለመረዳት ሠርግ ቤት ያመሸ ሕፃን ማሰብ ይበቃል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ሲሯሯጥ ውሏል፤ ሰውነቱ ዝሏል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግን ዓይኑ ፈጦ፣ በትንሹ እያለቀሰ፣ እንቢ አልተኛም ይላል። እንቅልፉ አልፎበታል። ውሻም ያለ ማቋረጥ ኳስ ሲያሳድድ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት የንቃትና የጭንቀት ሆርሞኖች በደሙ ውስጥ ይጨምራሉ። ሩጫው ሲያቆም እነሱ አብረው አያቆሙም። ጡንቻው ደክሞ ልቡ ያልተረጋጋ ውሻ ይዘን ቤት እንገባለን።

ሩጫ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቦርደር ኮሊ በየቀኑ እግሩን ማፍታታት አለበት። ግን ዕድሜውን በእርሻ ያሳለፈ አባት አስቡ። ልጆቹ ውጭ አገር አስመጥተው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አስቀመጡት። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት መስኮት ይመላለሳል። በእግር ቢያንሸራሽሩት ደክሞት ይመለሳል፤ መመላለሱን ግን አይተውም። አንድ ቀን ልጁ በረንዳው ላይ አራት ሳጥን አፈር አድርጋ ጎመንና ቃሪያ እንዲተክል ብታደርገው፣ ያን ሌሊት ይተኛል። በረንዳው ከእርሻው አንድ መቶኛ አይሆንም። ሆኖም ሥራው የእሱ ሥራ ነው፤ እጁ ያውቀዋል።

መጠለያ ውስጥ ያየነው ውሻ ማን ነበር?

የቡሬ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመጠን ያለፈ ጉልበት አለው ይላል። አፓርታማ ውስጥ ያደገ፣ ዓመት ካለፈው በኋላ «አልቻልነውም» ተብሎ የተመለሰ ውሻ ነው። ብዙዎቹ የሥራ ዝርያ ውሾች መጠለያ የሚገቡት በዚሁ ዕድሜ፣ በጉርምስናቸው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 8 ወር ገደማ የሆናቸው ውሾች «ተቀመጥ» ሲባሉ ከማያውቁት ሰው ይልቅ አሳዳጊያቸውን አልሰማም ይላሉ። ጉርምስናው ያልፋል። ችግሩ ብዙ ቤተሰብ እስኪያልፍ አለመጠበቁ ነው።

በረት ውስጥ ሳየው ቡሬ በአንድ አቅጣጫ ይዞር ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ የእግሩ ዱካ ክብ ሠርቷል። እብድ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን መጠለያ የገባ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደሙ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል በቤቱ ከሚኖር ውሻ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ተለክቷል። አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ብቻ ሰው ቤት እንዲያድሩ ሲደረግ መጠኑ ዝቅ ማለቱም ታይቷል። በረት ውስጥ ያለውን ውሻ ጠባይ ከዚያ አይቶ መፍረድ፣ ሐዘን ቤት ያገኘነውን ሰው «ተጫዋች አይደለም» እንደማለት ነው።

ስለዚህ የመጠለያ ሠራተኞች በልምድ የሚናገሩት አንድ ስሌት አለ፤ 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር። በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በ3 ወር ቤቴ ነው ይላል። ለሁሉም ውሻ እኩል የሚሠራ ሕግ ሳይሆን ትዕግሥትን የሚያስተምር መለኪያ ነው። ቡሬ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተወሽቆ አሳለፈ። በ11ኛው ቀን ልጆቹን ሲያግድ፣ አሁን ሳስበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን መሆኑ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። እስካሁን ስለ ዝርያ ብዙ አወራሁ፤ ዝርያ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቆ፣ የ2,155 ውሾችን የዘር መረጃ መርምሮ ነበር። በአንዱና በሌላው ውሻ መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በግ ሲያይ ፊቱን አዙሮ የሚተኛ ቦርደር ኮሊ አለ። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ያንን አንድ ውሻ ቤቱ አስጠልሎ ያቆየው ሰው የሚነግራችሁን ስሙ። ማታ ይተኛል? መኪና ሲያይ ምን ያደርጋል? ብቻውን ሲሆንስ? የዝርያው ስም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ መልሱ ያለው ውሻው ዘንድ ነው።

ቤት ውስጥ ያለ ኮረብታ

በግ የሌለው ሰው ለእረኛ ውሻ ምን ሥራ ይሰጣል? መልሱ ያለው ሰንሰለቱ ውስጥ ነው። የትኞቹን እርከኖች ቤታችን ውስጥ ልናስገባ እንችላለን?

የመጀመሪያው መፈለግ ነው፤ ከሁሉም ይቀልላል። በምዕራፍ 4 የውሻ አፍንጫ ምን ያህል ዓለም እንደሚያነብብ አይተናል። ያንን ንባብ ሥራ ማድረግ ይቻላል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ውሾችን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የተደበቀ ምግብ በማሽተት እንዲፈልጉ፣ ግማሾቹ ከባለቤታቸው እግር ሥር ሳይርቁ መሄድን እንዲለማመዱ አደረገ። ከዚያ በፊትና በኋላ አንድ ብልኃተኛ ፈተና ቀረበላቸው። በአንድ ጎን የተቀመጠ ሳህን ሁልጊዜ ምግብ አለው፤ በሌላው ጎን የተቀመጠው የለውም። ቀጥሎ ሳህኑ መሐል ላይ ተቀመጠ። ምግብ ይኖረው ይሆን? ሲያሸቱ የሰነበቱት ውሾች ከበፊቱ ፈጥነው ወደ መሐለኛው ሳህን ሄዱ፤ በሌሎቹ ላይ ለውጥ አልታየም። ተስፋ ያለው ፍጡር ነው ወደማያውቀው ሳህን የሚፈጥነው።

እኛ ቤት ቡሬ ቁርሱን ከሳህን መብላት ካቆመ ቆይቷል። ምግቡን በእፍኜ ጓሮ ሣሩ ላይ እበትነዋለሁ። አፍንጫው መሬት ለመሬት እየሄደ፣ ትንፋሹ ፍጥን ፍጥን እያለ፣ ጓሮውን በመስመር በመስመር ያስሰዋል። ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። የመጨረሻዋን ፍሬ ካገኘ በኋላ አንዴ ራሱን አራግፎ ጥላው ሥር ይተኛል። ስድስት ኪሎ ሜትር ሩጫ አምጥቶልኝ የማያውቀውን ዕረፍት ሩብ ሰዓት ፍለጋ አመጣው።

ሁለተኛው ማፍጠጥና ማሳደድ ነው። እነዚህን አንከለክልም፤ ሕግ እናበጅላቸዋለን። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በገመድ ጨርቅ እናስራለን። ጨርቁ ይንቀሳቀሳል፤ ውሻው ተኝቶ ያፈጥጥበታል፤ «ሂድ» እስኪባል አይነሳም። ሲባል ያሳድዳል፣ ይይዛል፣ ይጎትታል፤ «ልቀቅ» ሲባል ይለቃል፤ በመጨረሻ ቁራሽ ሥጋ ይበላል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከኳሱ የሚለየው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ኳስ መወርወር መቁላት፣ መቁላት፣ መቁላት ነበር። ይህኛው ቡናው ተቀድቶ የሚጠጣበት ነው።

ሦስተኛው ከሰው ጋር ማሰብ ነው። እረኛ ውሻ ብቻውን አይሠራም፤ ጆሮው ሁልጊዜ ሰው ላይ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የኖረው ጡረተኛው የሥነ ልቦና መምህር ጆን ፒሊ፣ ቼዘር የተባለች ቦርደር ኮሊውን በሦስት ዓመት ውስጥ 1,022 መጫወቻዎችን በየስማቸው ለይታ እንድታመጣ አስተማራት። ይህ ሁሉ ከእኛ አይጠበቅም። የእኔ ልጆች ቡሬን ዘጠኝ ስሞች አስተምረውታል፤ ኳስ፣ ገመድ፣ ዳክዬ እያሉ፣ በአማርኛ። ያገዳቸው ውሻ አሁን ቃል ይጠይቃቸዋል።

ዕረፍትም ይማሩታል

በአምስተኛው ሳምንት የግቢውን በር መቀርቀሪያ ሳልዘጋ ወጣሁ። ቡሬ በመንገዱ የሚያልፍ ብስክሌት አየ። በግማሽ ክብ ዞሮ ፊቱን ቆረጠው፤ ባለ ብስክሌቱ ወድቆ ሁለት ጉልበቱ ተላጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄ ቁስሉን ካጠብሁለት በኋላ ስለ ማሳደድ ብዙ አስቤ ስለ ማቆም ምንም አለማሰቤ ታወቀኝ።

የቼቪየት እረኛ ለውሻው ጥቂት ትእዛዞች ብቻ አሉት። «ከም ባይ» ሲለው መንጋውን በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ «አዌይ» ሲለው በተቃራኒው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን «ተኛ» የሚለው ነው። በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ያለ ውሻ፣ ያቺን ቃል ወይም ፉጨት ሲሰማ ባለበት ይወድቃል። መቆም የማይችል ውሻ በጎቹን ገደል ይከታቸዋል። የእረኛ ውሻ ቀን አብዛኛው ደግሞ ጥበቃ ነው፤ በረት ጥግ፣ በር ሥር፣ ኮረብታ ላይ፣ ተራው እስኪደርስ ይተኛል። ማረፍ የሥራው ግማሽ ነው።

ከመጠለያ የመጣ ውሻ ይህን ግማሽ ያስተማረው የለም። እኛ የጀመርነው በአንዲት ትንሽ ምንጣፍ ነው። ቡሬ ምንጣፉን በረገጠ ቁጥር አንዲት ፍሬ ምግብ፤ ከተኛ ሁለት፤ አንገቱን እግሩ ላይ ካሳረፈ ሦስት። ድምፃችንን ሳናነሳ፣ ሳንደባብሰው፣ ዝም ብለን አስቀምጠንለት እናልፋለን። በአሥር ቀን ውስጥ ረከቦቱ ሲቀርብ ራሱ ሄዶ ይተኛ ጀመር። ጤነኛ አዋቂ ውሻ የቀኑን ግማሽ ያህል ይተኛል፤ እንቅልፍ የማይወስደው «ጉልበተኛ» ውሻ ብዙ ጊዜ እንዴት መተኛት እንዳለበት ያልተማረ ውሻ ነው።

ከመውሰዳችሁ በፊት

ከቡሬ ጋር ያገናኙን የመጠለያው በጎ ፈቃደኞች ስለ ግቢያችን ስፋት እጠየቃለሁ ብዬ ስጠብቅ ስለ ቀናችን ጠየቁኝ። ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? እኩለ ቀን ላይ ቤት ማን አለ? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ያኔ ነገረ ሥራቸው ከረረብኝ፤ አሁን ግን ትክክለኛው ጥያቄ እሱ እንደነበር አውቃለሁ። ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻውን የተለቀቀ ቦርደር ኮሊ ሰፊ ግቢ ያለው ሥራ ፈት ነው።

እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። በየቀኑ፣ ዝናብም ብርድም ቢሆን፣ በሁለትና በሦስት ክፍል የተከፋፈለ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ለእሱ ብቻ አላችሁ? ቤታችሁ ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ እስኪለማመድ ድረስ ዓይናችሁን ሳታነሱ ልትጠብቁ ትችላላችሁ? ሦስት ወር ልትታገሡ ትችላላችሁ? መልሱ አይ ከሆነ ነውር የለበትም። መጠለያው ውስጥ ዕድሜው የገፋ፣ ከሰው እግር ሥር መተኛትን የሚወድ ሌላ ውሻ ቤት ይጠብቃል። የዚያኛው ውሻ ዕድል የእናንተ ልክ መሆን ነው። እረኛው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ባይመለስ ይሻለዋል።

እናቴ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። በየእሑዱ ትደውላለች። ልጆቹን በየስማቸው ከጠየቀች በኋላ፣ አገር ቤት ያለ ሰው ውጭ ስላለ ዘመዱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ታስከትላለች፦

«ያስ ልጅ፣ ሥራ አገኘ?»

በሰባተኛው ወር በጎች ያሏቸውና የከተማ ውሾችን የሚያለማምዱ ገበሬዎች ጋ ወሰድነው። ሦስት በጎች ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ቡሬ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ቀይ ቀበሮው መጣ። በሰፊው ዞረ፤ በጎቹ ተሰብስበው ወደ እኔ መጡ። አሠልጣኟ «ተኛ» በይው አለችኝ። አልኩት። ቡሬ በሩጫው መሐል ሣሩ ላይ ወደቀ፤ በጎቹ ከፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ ናቸው። ዓይኑን ከእነሱ አንሥቶ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ምን ላድርግ እንደሚል ሰው።

የዚያን እሑድ ስልኩ ሲጠራ የምነግራት ነበረኝ። በጎቹን፣ አዟዟሩን፣ መቆሙን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ የእረኛ ልጅ ናትና ሁሉንም ሰማችና የቀራትን ጠየቀች።

«ማታስ ይተኛል?»

ምንጣፉን አየሁ። ቡሬ አንገቱን እግሩ ላይ አሳርፏል፤ በሕልሙ አንድ እግሩ በቀስታ ይንቀሳቀሳል።

«ይተኛል፣ እማዬ።»